ፊታቸውን ወደ ምሰሶ ያዞሩ ፈረሶች

«መንገዱማ ቀላል ነበር» አለች እንግዳዋ፣ የቀረበላትን ቡና ገና ሳትቀምስ። «በየምሰሶው ቀስት አለ፤ ‹ወደ ለቅሶ ቤት› ይላል። ብቻ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ነፋሱ ወረቀቱን ገለበጠውና ከኋላው ፈረስ ብቅ አለ። ክንፍ ያለው ፈረስ! ይሄ ልጄ ጣቱን ቀስሮ አልሄድም ብሎኝ ስንት ደቂቃ ቆምን።»

አዋላጇ ወደ አፏ ያስጠጋችውን ሲኒ መለሰችው።

ባሏ ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ ነው። በእነዚህ ቀናት የመጣው ሁሉ «አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» ብሏታል። እሷ ግን ወንበር ስትቆጥር፣ ለሽማግሌዎች ትራስ ስታቀብል፣ ማን እንደበላና ማን እንዳልበላ ስትከታተል ነበር። እንግዳዋን ታውቃታለች፤ ሁለቱንም ልጆቿን ያዋለደቻት እሷ ናት።

«ምን ዓይነት ፈረስ?» አለቻት።

«ነጭ። ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ፣ ክንፉ ግማሽ ተከፍቶ። ምነው ሲስተር፣ አጠፋሁ እንዴ?»

«አላጠፋሽም። ቡናሽ እንዳይቀዘቅዝ።»

ተነስታ መኝታ ቤት ገባች፤ ተንበርክካ ከአልጋው ሥር ሰፊውን ካርቶን ሳበች። ቀለለባት። ክዳኑ ላይ በእርሳስ የተጻፉ ቁጥሮች አሉ፤ አንዱ ተሰርዞ ቀጣዩ ከጎኑ ይጻፋል። ያልተሰረዘው ስልሳ ሦስት ነው። ከፈተችው። ከላይ ያለው ወረቀት ጀርባ ማዕዘኑ ላይ ሃምሳ አንድ ይላል።

አሥራ ሁለት ወረቀት የለም።

ባሏ በር ገጣሚ ነበር። አናጢ ነው ይባል እንጂ በጠረጴዛና በወንበር አይታወቅም፤ የሠፈሩን ግማሽ በር የሰቀለው እሱ ነው። ሰውም «ማጠፊያው» ነበር የሚለው። መጥፎ በር የለም፤ መጥፎ ማጠፊያ እንጂ፤ ይህን ለሰማውም ላልሰማውም ይናገር ስለነበር ነው ስሙ የወጣለት። የገጠመውን በር ጆሮውን አስጠግቶ በአንድ ጣት እየገፋ፣ እየመለሰ ያደምጠዋል። ደስ ካለው «ይከፈታል» ይላል። ከዚያ በላይ ምስጋና አያውቅም።

ከሳሎኑ ዋርሳዋን ጠራችው። የባሏ ታናሽ ወንድም መኪና መንዳት ነው የሚያስተምረው፤ ምልክት የሌለበት ማዞሪያ ሲያይ እንቅልፍ አይወስደውም። ቀስቶቹን በየምሰሶው የለጠፈውም እሱ ነው። ማንም ሳያዝዘው አድርጎት፣ ሁለት ቀን ሙሉ ለቀስተኛው ሁሉ ሲያመሰግነው ሰንብቷል።

«አንተ፣ ቀስቶቹን በምን ላይ ነው የጻፍካቸው?»

«በወረቀት ነዋ። ወፍራም ወረቀት ነው እትዬ፣ ነፋስ የማይበግረው…» ካርቶኑን አየና ድምፁ ወረደ። «ባዶው ገጽ ላይ እኮ ነው የጻፍኩት! ሥዕሉን አልነካሁትም። እንዲያውም ሰው እንዳይስቅ ብዬ ሥዕሉን ወደ ምሰሶው አዙሬ ነው የለጠፍኩት።»

«ማን ነው የሚስቀው?»

«እትዬ፣ ስልሳ ሊሞላው የደረሰ ሰው… ክንፍ ያለው ፈረስ… ለወንድሜ ክብር ብዬ ነው።»

ከልቡ ነበር። ይህ ነው ያናደዳት። በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከተች፤ ከማለዳው የተጠራቀመው ደመና ከጣሪያዎቹ በላይ ጠቁሮ ወርዷል።

«የውሃ ቀለም ነው» አለችው። «ውሃ ከነካው ይሄዳል። ስንት ለጠፍክ?»

«አሥራ አንድ። አንዱ ላይ ቀስቱን በግራ ፈንታ በቀኝ ሠራሁትና ጣልኩት።»

«የት?»

«ጓሮ፣ ቆሻሻው ውስጥ።»

ጓሮ ወጣች። ከድንች ልጣጭ ሥር የተጨማደደ ወረቀት አወጣችና ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በመዳፏ አቃናችው። ሃምሳ ዘጠኝ። ፈረሱ መሐል አንገቱ ላይ ታጥፏል፤ ግን አለ።

ወረቀቱን አስቀምጣ ሻርፗን ደርባ ስትመጣ እህቷ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻት። ታላቋ ናት፤ ስልክ ቤት ሠርታ ጡረታ የወጣች፣ ሰው ምን እንደሚል ሰው ሳይናገር የምትሰማ።

«ወዴት ነው ሻርፑ?»

«ሥዕሎቹን ላመጣ ነው፣ እታለም።»

«አንቺ? ባልሽ ከሞተ በሦስተኛው ቀን፣ ቤቱ ሙሉ ሰው ጥለሽ፣ ምሰሶ ለምሰሶ ልትዞሪ? የለጠፈው ይልቀመው!»

«ብቻውን ከሄደ እንደ ለጠፈው ነው የሚገነጥለው።»

«ይዘንባል እኮ።»

«ለሱ ነው የምሄደው።»

ከማዋለጃ ቦርሳዋ መቀሷን አወጣች፤ ለወላድ የምታነጥፈውን ትልቅ ላስቲክም አጥፋ ብብቷ ሥር ያዘች። ዋርሳው መንገዱን ዘረዘረላት። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀምሮ ነው ወደ ቤት እየለጠፈ የመጣው፤ መንገድ የሚታየው በሚመጣው ሰው ዓይን ነዋ። እሷም ወዲያው ከፋፈለችው፤ እሱ ሮጦ ማቆሚያው ይደርስና ወደዚህ እየለቀመ ይመለሳል፣ እሷ ከቤት ጀምራ ወደዚያ ትሄዳለች፣ ልብስ ሰፊው በረንዳ ላይ ይገናኛሉ።

«እትዬ፣ ቀስቶቹን ካነሳናቸው ሰው በምን ይመጣል?»

«አፍ አለው፣ ይጠይቅ።»

የመጀመሪያው ምሰሶ ከአጥሩ ጥግ ነበር። ፕላስተሩን በመቀሱ ጫፍ ቀስ ብላ ቆረጠችና ወረቀቱን ገለበጠችው። ሃምሳ ሁለት። ግራጫ ሰማይ፣ ከታች የቤት ክዳኖች፣ ከላይ አንገቱን ወደ መሬት የደፋ ፈረስ። እየበረረ ሳይሆን የሚያርፍበትን ጣሪያ እያማረጠ ይመስላል። ክንፉ ከትከሻው ላይ በምስማር የተመታ ያህል ደርቋል። ከጀርባው፣ ከዋርሳው ጥቁር ቀስት ሥር፣ በእርሳስ «ጠበቀ» ይላል።

ቆማ ቀረች። አሥር ዓመት ሲሥል አንዱንም እንዲህ በቀን ብርሃን፣ በእጇ ይዛ አላየችም።

ሥዕሉን የጀመረው በድንገት ነው። አንድ ደንበኛ ቤት ያረጀ ቁም ሣጥን ሲያፈርስ ከመሳቢያው ጀርባ የወደቀ የልጆች ቀለም አገኘ፤ አሥራ ሁለት ቀለም ከነብሩሹ። «ውሰደው» አሉት፤ ወሰደው። ማንም አላሳየውም። የመጀመሪያውን ዓመት ውሃ እያበዛ ወረቀት ሲበሳ ከረመ። በኋላ ከማተሚያ ቤት ወፍራም ቁራጭ ወረቀት መለመን ጀመረ። አሥራ አንዱ ቀለም አልቆ በሌላ ሲተካ ነጩ ግን እንዳለ ነበር፤ «ነጩ ወረቀቱ ነው፤ ፈረሱን እኔ አልቀባውም፣ ዙሪያውን ቀብቼ እተውለታለሁ» ይላል።

ለምን ክንፍ ያለው ፈረስ ብላ ጠይቃው ታውቃለች።

«ተራ ፈረስ ብሥል፣ ፈረስ ያየ ሁሉ እግሩ ረዘመ፣ አንገቱ አጠረ ይለኛል» አላት። «ክንፍ ያለውን አይቻለሁ የሚል ካለ ደግሞ ይምጣና ያርመኝ።»

ይህን ብሎ ግን ራሱ ራሱን አላስቀመጠም። እንዲህ ያለ ክንፍ አይከፈትም፣ ማጠፊያው የት አለ፣ አጥንቱ በየት ገብቶ በየት ይዞራል እያለ ከሰው በላይ ራሱን አረመ። «ነይማ እዪልኝ» ብሎ ይጠራታል። እሷም በር ላይ ሆና፣ ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ፣ ስልኳ እየጮኸ፣ «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» ብላው ትወጣለች። በሞተበት ቀን ጠዋትም ጠርቷታል። «ስመለስ» አለችው። ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ቤት በር ሲገጥም ደረቱን ይዞ ተቀመጠ፣ አልተነሳም።

ሃምሳ ሦስት «ላላ» ይላል። ሃምሳ አራት «ይጮኻል»። ጮክ ብላ ሳቀች። ለፈረስ ክንፍ «ይጮኻል» ብሎ የሚጽፍ ሰው ሌላ የት ይገኛል? በዚያው ቅጽበት ከወዲያ በኩል አንዲት ሴት ከበሯ ብቅ አለች።

«ሲስተር! ማን ምጥ ይዟት ነው እንዲህ የምትሮጪው?»

«ማንም!»

«ነው? እኔ ደግሞ የጎረቤታችን ልጅ መስላኝ…» ከዚያ ሴትዮዋ ጥቁር ልብሷን አየች፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ውይ! ማጠፊያው! ይቅር በዪኝ፣ አፌ ይቆረጥ። ዛሬ ከሰዓት ልመጣ ነበር እኮ።»

«ነይ። ቀጥታ ሄደሽ ወደ ግራ ነው፤ ቀስቱን አንስቼዋለሁ።»

ሃምሳ አምስትን ካወረደች በኋላ አንዲት መኪና አጠገቧ ቆመች። አራት ሰው ከነሙሉ ልብሱ፣ ባሏ የቢሮ በሮቻቸውን የገጠመላቸው ደንበኞች ነበሩ። መስኮቱን ዝቅ አድርገው ለቅሶ ቤቱን ሊጠይቋት ሲሉ አወቋት። ወርደው ያጽናኗት ወይስ ቤት ድረስ ይጠብቁ፣ ግራ ገባቸው። ከምሰሶ ጋር ተጣብቃ በመቀስ ፕላስተር የምትቆርጥን ሐዘንተኛ ምን ይሏታል?

«እግዜር ያጽናሽ» አለ ሾፌሩ በመጨረሻ፣ መሪውን እንደያዘ።

«አሜን። ሁለተኛው ማዞሪያ፣ ሰማያዊ በር። ግቡ፣ እህቴ አለች።»

ልብስ ሰፊው በረንዳ ስትደርስ እጇ ላይ አምስት ወረቀት አለ። ጠብታው ጀምሯል። ዋርሳው ጥቂት ቆይቶ ከታች በኩል እየሮጠ መጣ። ኮቱን አውልቆ ወረቀቶቹን ጠቅልሎበታል፤ ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቋል።

«አምስት» አለ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «ማቆሚያው ጋ ያለው ግን የለም። ፕላስተሩ ብቻ ነው የቀረው። ነፋስ ወስዶታል።»

አሥሩን አንድ ላይ በቁጥር ደረደረቻቸው፤ ልብስ ሰፊው መርፌውን ትቶ ከማሽኑ በላይ አንገቱን አስግጎ ያያል። የጎደለው ስልሳ ሦስት ነው። የመጨረሻው።

«እትዬ፣ ይብቃን» አለ ዋርሳው። «ከቆሻሻው ያወጣሽው ሲጨመር አሥራ አንድ አገኘን። አንድ ቢጎድል ምን አለ?»

«መንታ ያረገዘች ሴት አንዱን ከወለደች በኋላ ሁለተኛውን ተይው፣ ይብቃሽ ያልኩበት ቀን አለ?»

ልብስ ሰፊው ሳቁን ሊውጥ ሲል ሳል ያዘው።

ወረቀቶቹን በላስቲኩ ጠቅልላ ለዋርሳው አስታቀፈችው። «አታጥፈው። ጭንቅላቱን ደግፈህ እንደ ሕፃን ያዘው። ቤት ስትደርስ አንሶላ ላይ ዘርጋቸው፣ ፊታቸው ወደ ላይ።» ሻርፗን አናቷ ላይ አስተካክላ ወደ ዝናቡ ወጣች።

ማቆሚያው ጋ የቀረ ፕላስተር ብቻ ምሰሶው ላይ ይንቀጠቀጣል። ከቦዩ ጀመረች። በቦዩ ጠርዝ ጎንበስ ብላ ሄደች፤ ከቆመ አውቶቡስ ሥር አየች፤ የተጠራቀመ ቅጠልና ወረቀት በእግሯ ገለበጠች። ተሳፋሪዎቹ ከመጠለያው ሥር ሆነው ያዩዋታል። አንዱ «እማማ፣ ወርቅ ነው የጠፋዎት?» አላት። ጫማዋ ውሃ ሞልቷል። ወረቀቱን ሳታገኝ ቤት እንደማትገባ ግን ቁርጥ አድርጋ ታውቃለች። ዝናቡ ቢያጠፋው እንኳ የጠፋበትን ወረቀት ታገኛለች።

የተራ አስከባሪው ከቆርቆሮ በተሠራች፣ አንድ ሰው ብቻ በምትይዝ ቤቱ ውስጥ ተቀምጧል። ልታልፈው ስትል በመስኮቱ በኩል ሰማያዊ ነገር አየችና ተመለሰች። ስልሳ ሦስት ከውስጥ በኩል ግድግዳው ላይ፣ ከሰዓት ሠሌዳው ጎን ተሰቅሏል። ፊቱን ወደ ሰው አዙሮ።

«ያ ወረቀት የኔ ነው» አለችው።

«ፈረሱ?»

«ፈረሱ። ባሌ ነው የሣለው።»

ሰውዬው ጥቁር ልብሷን አየ፤ ተነስቶ ቆመና ወረቀቱን በሁለት እጁ አወረደው። «ነፋስ ይዞት ሲሮጥ ረግጬ ነው የያዝኩት» አለ። «ጭቃ ነበረው። ጭቃውን በጨርቅ ስጠርግለት ሰማዩም አብሮ መጣ። አጠፋሁ መሰለኝ።»

እውነቱን ነው። ከታች ወደ ቀኝ ሰማዩ ተጠርጎ ሄዷል፤ ከላይ የቀረው ሰማያዊም ወርዶ የፈረሱ እግሮች አካባቢ ደብዝዟል። ፈረሱ ግን እንዳለ አለ። አልተቀባምና የሚታጠብ ነገር አልነበረውም።

«አላጠፋህም» አለችው።

«ግን እናንተ» አለ ሰውዬው፣ በእውነት ግራ ገብቶት፣ «ይህን የመሰለ ነገር ለምን ፊቱን አዙራችሁ ለጠፋችሁት?»

ልትመልስለት አፏን ከፈተች። ለወንድሙ ክብር ብሎ ነው ልትል ነበር። ዋርሳው አፍሮበት ነው ልትልም ትችል ነበር። ሁለቱም መልሶች ግን ዋርሳው ወረቀቶቹን ከመንካቱ በፊት፣ አሥር ዓመት ሙሉ፣ በር ላይ ቆማ «ጥሩ ነው» ስትል የኖረችውን ሴት አይጨምሩም።

«አላየነውም ነበር» አለችው።

በቆርቆሮዋ ቤት ደፍ ላይ ቆማ ሥዕሉን ተመለከተችው። ቦርሳ ትከሻዋ ላይ የለም፤ ስልኳም ቤት ነው። ክንፉ ትከሻው ጋ ሲደርስ መስመር የለውም፤ በውሃ ብቻ የተነካች ጥላ አለች፤ ከዚያች ጥላ ውስጥ ክንፉ ይነሳል። ትንሽ ያዘነብላል። ወረቀቱን ገለበጠችው። የዋርሳው ቀስት ሥር ለማንበብ የሚያስቸግር የእርሳስ ጽሕፈት አለ። «አሁንም ይጎትታል። ግን ይከፈታል።»

ሁለቴ አነበበችው። ተራ አስከባሪው ወንበሩን ሰጣትና አልተቀመጠችም። የዝናብ ካፖርቱን ደግሞ ሰጣት፤ እሱን ወሰደችና ለሥዕሉ አደረገችለት።

ስትመለስ ከሩቅ አንድ ሰው መንገዱ መሐል ቆሞ አየች። ዋርሳው ነው። ቀስት በሌለበት ማዞሪያ ላይ እሱ ራሱ ቀስት ሆኖ፣ እስከ አጥንቱ ርሶ፣ እንደ ትራፊክ ፖሊስ እጁን ዘርግቶ ለቀስተኛውን ወደ ግራ ይመራል። ካፖርቱ ሥር የያዘችውን ሲያይ እጁ እንደተዘረጋ ቀረ።

«ተገኘ?»

«ተገኘ።»

«እትዬ…» አለ፤ ውሃው ከቅንድቡ እየወረደ። «ከአንሶላው ላይ አየኋቸው። አንድ በአንድ አየኋቸው። እኔ እኮ አንዱንም…»

«ግባና ልብስህን ቀይር» አለችው፤ እጇን እርጥብ ትከሻው ላይ ለአፍታ አሳርፋ። «ሁለት ለቅሶ አልቀመጥም።»

ቤት ስትገባ እህቷ ፎጣ ይዛ መጣች። ሊወጣ የነበረው ቁጣ ፊቷን ሲያይ ተመለሰ። አዋላጇ ግን ለራሷ ፎጣ አልፈለገችም። እርጥቡ ወረቀት ከጫፍ ከጫፉ መጠቅለል ጀምሯል፤ በዚያው ከደረቀ ፈረሱ እንደ ቧንቧ ተጠቅልሎ ይቀራል። ባሏ ምን ያደርግ ነበር? አሁን ነው የገባት። ማታ ማታ የሥራ ዕቃ ሣጥኑ ላይ ሳንቃ አስቀምጦ፣ ሳንቃው ላይ ራሱ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነብ ነበር። አንድ ቀን «ምነው፣ ወንበር እያለ?» ብትለው «ሥራ ላይ ነኝ» አላት። ቀልድ መስሏት ነበር።

ውሃው እስኪመጠጥ ጠበቀች። ከዚያ የዕቃ ሣጥኑን ሳሎን ድረስ ጎትታ አመጣች። ክዳኑ ላይ ንጹሕ አንሶላ አነጠፈች፤ አንድ ሥዕል፣ አንድ የአንሶላ እጥፋት፣ አንድ ሥዕል፣ አንድ እጥፋት እያደረገች አሥራ ሁለቱን ደረደረች፤ ከላይ ስልሳ ሦስትን። ሳንቃውን ጫነችበትና ተቀመጠችበት። ክፍሉ ሙሉ ሰው ያያታል።

«ወንበሩ ላይ ሁኚ እንጂ» አለች እህቷ በሹክሹክታ። «እንዲህ ትታያለሽ?»

«እዚሁ ነኝ፣ እታለም። እስኪደርቅ።»

በሩ ተከፈተ። ባሏን ሥራ ያስተማሩት ሽማግሌ፣ ዘጠና የደፈኑት፣ በከዘራና በሁለት ሰው ተደግፈው ገቡ። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ ብድግ አለ። እህቷ በዓይኗ ጠቀሰቻት፤ ቀጥሎ በክርኗ ነካቻት። ሽማግሌው ወደሷ እያዘገሙ ደረሱ።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለቻቸው። ድምጿ ተሰነጠቀ፤ በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ። «መነሳት አልችልም።»

«አትነሺ ልጄ፣ አትነሺ» አሉና አጠገቧ ወንበር ተሳበላቸው።

እንባዋ ይወርዳል፤ አልጠረገችውም፤ ሁለት እጇን ሳንቃው ላይ ተጭናለች። ከዚያ ክብደቷ ሁሉ እዚያው እንዲያርፍ እግሮቿን ከወለሉ አነሳች።